ግዙፍ ዳታቤዝን ማስቀመጥና ማመቅ፦ ፒጂባክሬስት ከዚስታንዳርድ ጋር ሲገመገም

ጥቂት ጊጋባይት የሚይዝ ዳታቤዝ የሚያስተዳድር ሰው የመጠባበቂያ ቅጂ ነገር ብዙም አያሳስበውም፤ ሌሊት ላይ በተለመደው መሣሪያ ያወጣዋል፣ ያምቀዋል፣ በሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ጠዋት ሥራ ሲገባ ሁሉም ነገር ተጠናቅቆ ያገኘዋል። ዳታቤዙ በቴራባይት መቆጠር ከጀመረ በኋላ ግን ይኸው አሠራር መጀመሪያ ሌሊቱን በሙሉ ይወስዳል፣ ቀጥሎ ቀኑን ይሻማል፣ በመጨረሻም የዛሬው ቅጂ ሳያልቅ የነገው መጀመሪያ ሰዓት ይደርሳል። እኔ የማስተዳድረው፣ ፖስትግሬስ በተባለው የዳታቤዝ ሥርዓት የሚሠራ ዳታቤዝ ወደ ስምንት ቴራባይት በተጠጋበት ጊዜ ከዚህ ደረጃ ላይ በመድረሳችን ፒጂባክሬስት ወደተባለው መሣሪያ ተሸጋገርን፤ ይህ ግምገማም መሣሪያውን ዚስታንዳርድ ከተባለው ማመቂያ (የዳታን መጠን ከሚያሳንስ ፕሮግራም) ጋር አጣምሬ ለረዥም ጊዜ ከተጠቀምኩበት በኋላ የጻፍኩት ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር፣ መሣሪያው እጅግ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቅንብሩ ሳይነካ እንደተጫነ ከተተወ በጣም ዘገምተኛ ነው፣ ጥሩነቱም በይበልጥ የሚታወቀው ቅጂው ሲወሰድ ሳይሆን ተመልሶ ሲዘረጋ ነው።

ቀድሞ እንጠቀምበት ከነበረው፣ ከፖስትግሬስ ጋር ከሚመጣው የቅጂ ማውጫ ከፒጂ ደምፕ የሸሸንበትን ምክንያት በቅድሚያ ማስረዳት ይገባኛል፤ መሣሪያው መጥፎ ስለሆነ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ከፖስትግሬስ 16 ጀምሮ ፒጂ ደምፕ ከቆየው ጂዚፕ በተጨማሪ በዚስታንዳርድና በኤልዜድ 4 ማመቅ ይችላል፤ ውጤቱን በአንድ ፋይል ሳይሆን በአንድ ማውጫ ውስጥ እንዲዘረዝር ከታዘዘም ብዙ ሰንጠረዦችን ጎን ለጎን ያወጣል። ችግሩ ከባሕርይው የመጣ ነው። የሚያወጣው ዳታ ከመጀመሪያው ሰንጠረዥ እስከ መጨረሻው እርስ በርሱ እንዲስማማ ሲል አንድ ትራንዛክሽን (እንደ አንድ ሥራ የሚቆጠር የዳታቤዝ ክንውን) ከፍቶ ይቆያል፤ ያ ትራንዛክሽን ክፍት በሚሆንባቸው ሰዓታት ሁሉ ቫኪዩም የተባለው የፖስትግሬስ ጽዳት ሠራተኛ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተሻሩትን ረድፎች ማጽዳት ስለማይችል፣ ያለማቋረጥ የሚሻሻሉ ሰንጠረዦች ቅጂው እየተወሰደ ሳለ ያብጣሉ። ቅጂው ሲመለስ ደግሞ በፋይሉ ውስጥ ያለው ኢንዴክሱ (ዳታን ቶሎ ለማግኘት የሚረዳው ማውጫ) ሳይሆን ኢንዴክሱን የሚፈጥረው ትዕዛዝ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ኢንዴክስ እንደ አዲስ ይገነባል፤ በግዙፍ ሰንጠረዥ ላይ ይህ ብቻውን ከዳታው ጭነት የሚበልጥ ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። የደምፕ ፋይል ከዳታቤዙ እጅግ አንሶ የሚታየውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብዙ ሰው ቅናሹን ሁሉ የማመቂያው ውጤት አድርጎ ይቆጥረዋል፣ እውነቱ ግን ኢንዴክሶቹና በሰንጠረዦቹ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ አብረው ስላልወጡ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ደምፑን ወደ ማመቂያ ፕሮግራም በቧንቧ፣ ማለትም የአንዱን ፕሮግራም ውጤት በቀጥታ ለሌላው በማቀበል የማስተላለፍ ልማድ ነው። በተለመደው የሼል (የትዕዛዝ መስጫ ፕሮግራም) አሠራር የጠቅላላው ትዕዛዝ ውጤት የሚለካው በመጨረሻው ፕሮግራም በመሆኑ፣ ፒጂ ደምፕ መሐል ላይ ቢሰናከልም ማመቂያው የደረሰውን ያህል አምቆ በሰላም ከጨረሰ ስክሪፕቱ ሥራው እንደተሳካ ይመዘግባል፤ ፋይሉ አለ፣ ቀኑም ትክክል ነው፣ ይዘቱ ግን ጎደሎ ነው። የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት የሚሰጠው የጊትላብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የደረሰበትን አደጋ አስመልክቶ ራሱ ባወጣው ዘገባ የተገለጸው ታሪክ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የዋናው ዳታቤዝ ማውጫ በስህተት ከተሰረዘ በኋላ መጠባበቂያው ሲፈለግ፣ ለካ የ9.2 ዕትም ፒጂ ደምፕ በ9.6 ዳታቤዝ ላይ እየተነሣ ያለማቋረጥ ሲከሽፍ ኖሯል፤ ክሽፈቱን የሚያስታውቁት ኢሜሎችም ተቀባዩ ጋ ሳይደርሱ ይመለሱ ነበር። ያዳናቸው ለሌላ ሥራ ተብሎ ስድስት ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ የተወሰደ የዲስክ ምስል ነው።

ፒጂባክሬስት በተለየ መንገድ ይሄዳል። ረድፍ በረድፍ አያነብም፤ ፖስትግሬስ በዲስክ ላይ ያስቀመጣቸውን ፋይሎች እንዳሉ ይገለብጣል፣ ግልበጣው በሚካሄድበት ጊዜ የተደረጉትን ለውጦች ደግሞ ዋል ከተባለው የለውጥ መዝገብ ያሟላል። ፖስትግሬስ ትልልቅ ሰንጠረዦችን አንድ አንድ ጊጋባይት በሆኑ ፋይሎች ከፋፍሎ የማስቀመጥ ልማዱ ለዚህ መሣሪያ እንደ ተመቻቸ ማዕድ ነው፤ ስምንት ሠራተኛ ፕሮሰሶች (በአንድ ጊዜ የሚሮጡ የፕሮግራሙ ቅጂዎች) ስምንት ፋይሎችን ይዘው፣ እያንዳንዱ የራሱን እያነበበ፣ እያመቀና ይዘቱ አለመለወጡ የሚታወቅበትን የማረጋገጫ ድምር እያሰላ ጎን ለጎን ይሠራሉ። በዳታቤዙ ላይ የገጽ ማረጋገጫ ተከፍቶ ከሆነ በሚያልፍበት እያንዳንዱ የስምንት ኪሎባይት ገጽ ላይ ምርመራ ያካሂዳል፤ የተበላሸ ገጽ ካገኘ ቅጂውን ሳያቋርጥ በማስጠንቀቂያነት ይመዘግበዋል። ማንም ለወራት ያልነካው ሰንጠረዥ ውስጥ ዲስኩ ያበላሸውን ገጽ የሚያስታውቀን ይህ ምርመራ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ማስጠንቀቂያዎቹን አለማንበብ ከመሣሪያው ጥቅሞች ትልቁን እንደ መጣል ነው።

አሁን ወደ ማመቁ ልግባ። ፒጂባክሬስት ጂዚፕን፣ ቢዚፕ 2ን፣ ኤልዜድ 4ንና ዚስታንዳርድን ይቀበላል፤ ምንም ካልተነገረው ጂዚፕን በስድስተኛ ደረጃ፣ በአንድ ፕሮሰስ ብቻ ይጠቀማል። ይህ ምርጫ ለትንሽ ማሽን ጨዋነት ያለው ምርጫ ነው፤ ለስምንት ቴራባይት ግን ከቅጣት አይተናነስም። ጂዚፕ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ያለ፣ ወደኋላ 32 ኪሎባይት ብቻ እያየ ድግግሞሽ የሚፈልግ፣ ዛሬም የትም ቢሄዱ የሚገኝ ሽማግሌ ነው። ኤልዜድ 4ንም ዚስታንዳርድንም የሠራው ያን ኮሌ ሲሆን፣ ሁለተኛውን ፌስቡክ ውስጥ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2016 አውጥቶታል። ኤልዜድ 4 ፕሮሰሰሩን ሳያደክም በጣም ይፈጥናል፣ የሚቀንሰው መጠን ግን መጠነኛ ነው። ዚስታንዳርድ ከአንድ እስከ ሃያ ሁለት የሚደርሱ ደረጃዎች ያሉት ሲሆን፣ በመደበኛው ሦስተኛ ደረጃ ላይ ብቻ እንኳ በተለመደው የዳታቤዝ ይዘት ላይ ከጂዚፕ ስድስተኛ ደረጃ ያላነሰ ያምቃል፣ በፍጥነት ግን በብዙ እጥፍ ይቀድመዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ባሕርይው ደግሞ የማፍታታት ፍጥነቱ በየትኛውም ደረጃ ቢታመቅ ብዙም የማይለዋወጥ መሆኑ ነው፤ ወጪው የሚከፈለው ሲታመቅ ብቻ ነው።

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ደረጃውን ወደ አሥራ አምስት ከፍ ላድርገዋ» ማለቱ አይቀርም፤ እኔም ብያለሁ። ያየሁት ግን ከሦስት በላይ በተወጣ ቁጥር መጠኑ በጥቂቱ እየቀነሰ የፕሮሰሰሩ ድካም ግን በእጥፍ እየጨመረ እንደሚሄድ ነው፤ የደረጃው ጉዳይ የሚወሰነውም ጠባቡ በር የትኛው ነው በሚለው ጥያቄ ነው። ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ አብረን እንሥራው። በሴኮንድ አንድ ጊጋቢት የሚያሳልፍ የኔትወርክ መስመር በጥሩ ቀን 125 ሜጋባይት ያህል ያስተላልፋል፤ ስምንት ቴራባይት ሳይታመቅ በዚህ መስመር ሲያልፍ 64,000 ሴኮንድ፣ ማለትም ወደ 18 ሰዓት ይፈጃል። በማመቅ ወደ ሲሶው ቢወርድ ስድስት ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ ስለዚህ መስመሩ እንዲህ ጠባብ በሆነበት ቦታ ፕሮሰሰሩን ትንሽ ማስጨነቅ ዋጋ አለው። መስመሩ አሥር ጊጋቢት ከሆነ ግን ሳይታመቅ እንኳ ሁለት ሰዓት ስለማይሞላ፣ ጠባቡ በር ወደ ዲስኩ ወይም ወደ ፕሮሰሰሩ ይዛወራል፣ ከፍተኛ ደረጃ መምረጥም ራሱ ቅጂውን የሚያዘገይ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ላለ ሰው ሦስተኛው ደረጃ ወይም ከዚያ ያነሰው እንዲሁ ይበቃዋል።

ሲሶ ማለቴን እንደ ተስፋ ቃል እንዳይወሰድብኝ እፈራለሁ። ምን ያህል እንደሚታመቅ የሚወስነው ይዘቱ ነው፤ ተደጋጋሚ ጽሑፍ፣ የሁኔታ ኮዶችና ቀኖች የሞሉበት ሰንጠረዥ በጣም ይቀንሳል፣ ምስል ወይም አስቀድሞ የተመሰጠረ ዳታ የያዘ ግን ንቅንቅ አይልም። ፖስትግሬስ ራሱም ረዣዥም ዋጋዎችን ቶስት በሚባለው አሠራሩ አስቀድሞ የሚያምቅ በመሆኑ፣ ትልልቅ የጄሰን ሰነዶች የሞሉበት ዳታቤዝ ባለቤት ከጠበቀው ያነሰ ቅናሽ ቢያገኝ ሊደነቅ አይገባም። ምስጠራን በተመለከተ ፒጂባክሬስት ትክክለኛውን ቅደም ተከተል ይከተላል፦ መጀመሪያ ያምቃል፣ ከዚያ ይመሰጥራል። ተገላቢጦሹን የሚያደርግ በእጅ የተሠራ ስክሪፕት ያለው ሰው ማመቂያውን በከንቱ እያለፋው እንደሆነ ይወቅ፤ የተመሰጠረ ዳታ ድግግሞሽ የሚታይበት ነገር ስላልሆነ የሚታመቅ ነገር አይገኝበትም።

ኤክስዜድ የተባለው ማመቂያ ፒጂባክሬስት በሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ ባለመኖሩ የሚያዝኑ አሉ፤ በእርግጥም ከሁሉ በላይ ከሚያምቁት አንዱ ነው፣ ሆኖም ከዝግታው የተነሣ ለዚህ መጠን አይሆንም። ስሙ ሲነሣ ግን አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በኤክስዜድ 5.6.0 እና 5.6.1 ዕትሞች ውስጥ የተደበቀውን የጀርባ በር (ሰርጎ መግቢያ ስውር ኮድ) ያገኘው የፖስትግሬስ አልሚ የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው፣ ያነቃውም ከርቀት ወደ ሰርቨር በሚያስገባው በኤስኤስኤች መግባት በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ ነበር። የዳታቤዝ ሰዎች ስለ ሚሊሴኮንድ የሚጨቃጨቁት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ለሚጠራጠር ሁሉ ይህን እጠቅሳለሁ።

በየቀኑ ሙሉ ቅጂ የመውሰድን ሸክም የሚያቀሉት ልዩነት ብቻ የሚይዙት ቅጂዎች ናቸው፤ በዚህ ረገድ ግን መሣሪያው ለረዥም ጊዜ አንድ ጉልህ ጉድለት ነበረበት። የሚያነጻጽረው በፋይል ደረጃ ስለነበር፣ በአንድ ጊጋባይት ፋይል ውስጥ አንዲት የስምንት ኪሎባይት ገጽ ብትለወጥ ጊጋባይቱ በሙሉ ዳግም ይገለበጥ ነበር፤ ለውጥ በመላ ሰንጠረዡ ላይ ተበትኖ በሚያርፍበት ዳታቤዝ ላይ «ልዩነት ብቻ» የተባለው ቅጂ ከሙሉው ብዙም አያንስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የተጨመረው የብሎክ ደረጃ ማነጻጸሪያ ይህን ቀርፎታል፤ ከተጠቀምኩባቸው አዳዲስ ገጽታዎች ሁሉ የማከማቻ ቦታችንን በዚህ መጠን ያተረፈልን የለም። ይሁን እንጂ በራሱ አይከፈትም፤ ትናንሽ ፋይሎችን በአንድነት የሚጠርዘው ገጽታ አብሮ መከፈት አለበት። ፖስትግሬስም ከ17ኛው ዕትም ጀምሮ የራሱን ተመሳሳይ አሠራር ይዟል፤ ቁርጥራጮቹን ማቀናጀት፣ ቀን ያለፈባቸውን ማስወገድና ማከማቻውን ማስተዳደር ግን ለተጠቃሚው የተተወ ነው፤ ፒጂባክሬስት የሚያቃልለውም ይህንኑ ነው።

የለውጥ መዝገቡ አያያዝ ከመሣሪያው ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልገው ነው። ፖስትግሬስ እያንዳንዱን የ16 ሜጋባይት የመዝገብ ቁራጭ ወደ ማከማቻው መድረሱ እስኪነገረው ድረስ አይጥለውም፤ ስለዚህ ማከማቻው ለረዥም ሰዓት ከተዘጋ፣ ወይም ማመቁ ከመጻፉ ፍጥነት ወደኋላ ከቀረ፣ ቁራጮቹ በዋናው ሰርቨር ዲስክ ላይ ይከማቻሉ፣ ዲስኩ ሲሞላም ዳታቤዙ ይቆማል። መጠባበቂያ ሥርዓቱ ራሱ ዋናውን አገልግሎት የሚገድልበት መንገድ ይህ ነው። ፒጂባክሬስት ቁራጮቹን በብዙ ፕሮሰስ ጎን ለጎን እንዲልክ ማዘዝ ይቻላል፣ የወረፋ ጣሪያ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ነገር ግን ጣሪያው ሲያልፍ የሚያደርገው ለፖስትግሬስ «ተቀምጧል» ብሎ ቁራጮቹን መጣል ነው። አገልግሎቱ ይተርፋል፣ ከዚያ ሰዓት እስከሚቀጥለው ቅጂ ድረስ ወዳለ ጊዜ የመመለስ ዕድል ግን ይጠፋል። ሁለቱም ክፉ ናቸው፤ የትኛው እንደሚሻል ቀድሞ መወሰን ያለበት ደግሞ የሥራው ባለቤት እንጂ በእኩለ ሌሊት የተቀሰቀሰው ባለሙያ መሆን የለበትም።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ እንዲሉ፣ የእኔ ጉድ የታየው በመጀመሪያው የመመለስ ልምምድ ላይ ነው። ቅጂው ለወራት ሳይከሽፍ በስምንት ፕሮሰስ ሲወሰድ ቆይቶ ስለነበር፣ በአዲስ ሰርቨር ላይ የሚደረገው መመለስም ከዚያ የተለየ ጊዜ እንደማይወስድ ገምቼ ልምምዱን ለአንድ የሥራ ቀን ያዝኩ። በማግስቱም አላለቀም። ምክንያቱን ያገኘሁት የቅንብር ፋይሉን ደግሜ ሳነብ ነው፤ የፕሮሰሶቹን ቁጥር የጻፍኩት በአጠቃላዩ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ቅጂ መውሰድን ብቻ በሚመለከተው ክፍል ውስጥ ስለነበር፣ መመለሱ ወደ መደበኛው ቁጥር፣ ወደ አንድ ፕሮሰስ ተመልሶ ነበር። ስምንት ቴራባይት በአንድ እጅ እየተፍታታ ሲወርድ አስቡት። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው፤ መሣሪያው የተጻፈለትን ነው ያደረገው። ሆኖም ሰው ቅጂ ለመውሰድ የሚመርጠውና ለመመለስ የሚመርጠው ቁጥር አንድ መሆን የለበትም፤ ሲወሰድ ከዳታቤዙ ጋር ፕሮሰሰር ስለሚሻማ ቁጥሩ ይቆጠባል፣ ሲመለስ ግን ሰርቨሩ ሌላ ሥራ ስለሌለው ያለው ኮር ሁሉ ሊለቀቅለት ይገባል።

በሁለተኛው ልምምድ ፋይሎቹ በፍጥነት ወረዱ፤ ቀጥሎ የመጣው መዘግየት ግን ከማመቅ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ፋይሎቹ ከተመለሱ በኋላ ፖስትግሬስ የለውጥ መዝገቡን ከቅጂው ሰዓት ጀምሮ እስከሚፈለገው ደቂቃ ድረስ እንደገና ይፈጽማል፤ ይህን የሚሠራው በአንድ ፕሮሰስ ነው። ቅጂው የስድስት ቀን ዕድሜ ካለው የስድስት ቀን ለውጥ በአንድ መስመር ተሰልፎ ይጠብቃል። ከዚያ ወዲህ ሙሉውን በሳምንት አንዴ፣ የብሎክ ልዩነቱን በየሌሊቱ እንወስዳለን፤ በዚህም የሚጠብቀው መዝገብ ቢበዛ ከአንድ ቀን አይበልጥም። አሮጌው ማውጫ ገና በቦታው ካለ ደግሞ የተለወጡትን ፋይሎች ብቻ ለይቶ የሚመልሰው ገጽታ አለ፤ ያልተነኩትን በማረጋገጫ ድምራቸው አውቆ ስለሚዘላቸው፣ ከፊል ብልሽት ሲደርስ ብዙ ሰዓት ያድናል።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው። ከአጠቃላዩ ክላስተር (በአንድ የፖስትግሬስ አገልግሎት ሥር ካሉት ዳታቤዞች ስብስብ) ውስጥ አንድ ዳታቤዝ መርጦ መመለስ ይቻላል፣ አንድ ሰንጠረዥ ብቻ መመለስ ግን አይቻልም፤ በስህተት የተሰረዘን ሰንጠረዥ ለማግኘት ግዙፉን ዳታቤዝ በሌላ ቦታ መዘርጋት ግድ ይላል፤ ለዚህም ስል ወሳኝ የሆኑ ትናንሽ ሰንጠረዦችን ዛሬም በፒጂ ደምፕ ለብቻቸው አወጣለሁ። ቅጂው ወደ ሌላ ዋና ዕትም ማሻገሪያ አይሆንም። ስንት ሙሉ ቅጂ እንደሚቀመጥ ካልተነገረው ማስጠንቀቂያ ይጽፋል እንጂ ምንም አያስወግድም፣ ማከማቻውም እስኪሞላ ይቀጥላል። ሥራ ሲጀምር ቀጣዩን መደበኛ ቼክፖይንት (ፖስትግሬስ ለውጦችን ወደ ዲስክ ጽፎ የሚጨርስበትን ነጥብ) ስለሚጠብቅ ለብዙ ደቂቃ ምንም ሳያሳይ ይቆማል፤ አዲስ ተጠቃሚ ተሰናክሏል ብሎ ያቋርጠዋል። ሰነዱ የተሟላ ቢሆንም ረዥም ነው፣ የሚያምር የድር ገጽ መቆጣጠሪያም የለውም፤ ይህን የምቆጥረው ግን እንደ ጉድለት አይደለም።

ከተወዳዳሪዎቹ ዋል-ጂ ቅጂውን በቀጥታ ወደ ደመና ማከማቻ ለሚልክና ከፖስትግሬስ ሌላ ዳታቤዝም ላለው ሰው ይስማማል፤ ባርማን ደግሞ ብዙ ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ ለሚያስተዳድር ይመቻል። ዳታቤዙ ከመቶ ጊጋባይት በታች ለሆነ ሰው ሦስቱም አያስፈልጉትም፤ ፒጂ ደምፕ ከዚስታንዳርድ ጋር ይበቃዋል።

ቴራባይቶችን ይዞ ፒጂባክሬስትን ለሚጀምር ሰው አሁን የምንጠቀምበትን ቅንብር ልንገረው፦ ዚስታንዳርድ በሦስተኛ ደረጃ፣ የብሎክ ማነጻጸሪያውና መጠረዣው ተከፍተው፣ አብዛኛው ፋይል ከዋናው ሳይሆን የዋናውን ለውጥ እየተከተለ ከሚገለብጠው ከተከታዩ ሰርቨር እንዲነበብ ታዝዞ፣ ለቅጂ ስምንት ፕሮሰስ፣ ለመመለስ ደግሞ የማሽኑ ኮሮች በሙሉ። የመመለሻው ቁጥር የተጻፈው ልምምዱ በሚካሄድበት ሰርቨር የቅንብር ፋይል ላይ፣ በአጠቃላዩ ክፍል ውስጥ ነው።